በጥቂት ገንዘብ ብዙ ብርሃን፦ የመጀመሪያውን ዲጂታል ካሜራ ለሚመርጡ

በደብረ ታቦር ከተማና በዙሪያዋ በሚገኙት የደቡብ ጎንደር ደጋማ ወረዳዎች ፎቶግራፍ ማንሳት ለበርካታ ወጣቶች የተጨማሪ ገቢ፣ አልፎ አልፎም የዋና መተዳደሪያ ምንጭ ከሆነ ሰንብቷል። ሠርጉ፣ ምረቃው፣ ክርስትናው፣ ጥምቀቱ ሁሉ ፎቶግራፍ አንሺ ይፈልጋል። በዚህም ምክንያት ተማሪዎች ለእኛ ለፊዚክስ መምህራን ከትምህርት ውጭ ከሚያቀርቡልን ጥያቄዎች መካከል ተደጋግሞ የሚመጣው «ስንት ሜጋ ፒክስል ያለው ካሜራ ብገዛ ይሻላል?» የሚለው ነው። ጥያቄው ቀላል ይመስላል፤ ከጀርባው ያለው ገንዘብ ግን ቀላል አይደለም። በጉና ተራራ ተዳፋት ድንችና ገብስ እያመረተ ልጁን ለሚያስተምር ቤተሰብ የአንድ ካሜራ ዋጋ ማለት ከበረት የወጣ በሬ፣ ወይም ተራው እስኪደርስ ሲጠበቅ የኖረ የእቁብ ዕጣ ማለት ሊሆን ይችላል። ከዚህም ጋር ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ብር ከዶላር አንጻር ያለው ዋጋ በእጅጉ በመቀነሱ፣ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ሁሉ ተወዷል። ስለሆነም ያላግባብ የወጣ ገንዘብ በቀላሉ የሚተካ አይደለም።

በዚህ ጽሑፍ የብር ዋጋ አንጠቅስም፤ መጽሔቱ ታትሞ ከአንባቢ እጅ እስኪደርስ ዋጋው ይለወጣልና። የምንለው ነገር በአጭሩ ይህ ነው፦ ካሜራ ብርሃን የሚቆጥር መሣሪያ እንደመሆኑ መጠን፣ ጥቂት ገንዘብ ያለው ሰው ገንዘቡን ብርሃን ለሚሰበስበው ክፍል፣ ይኸውም ለሌንሱ፣ ሊያውለው ይገባል። ለምን እንደሆነ እንመልከት።

መስተዋት ያለው ካሜራ ከየት መጣ?

ዲ.ኤስ.ኤል.አር. በሚል ምኅጻረ ቃል የሚታወቀው ካሜራ አሠራሩ እንዲህ ነው። በሌንሱ የገባው ብርሃን በ45 ዲግሪ ዘንበል ብሎ በተቀመጠ መስተዋት ላይ ያርፍና ወደ ላይ ይንጸባረቃል፤ ከዚያም በፕሪዝም ወይም በተገጣጠሙ መስተዋቶች ተመልሶ ወደ ዓይናችን ይደርሳል። ቁልፉን ስንጫን መስተዋቱ ብድግ ይላል፤ ሹተር የሚባለው መጋረጃ ተከፍቶ ብርሃኑ ከኋላ በተቀመጠው ሴንሰር ላይ ይወድቃል። «ቻክ» የሚለው የታወቀ ድምፅ የመስተዋቱና የመጋረጃው ድምፅ ነው።

በእ.ኤ.አ. 1991 ኮዳክ ኩባንያ ለገበያ ያቀረበው የመጀመሪያው ዲጂታል ካሜራ የዚህ ዓይነት ሲሆን፣ በኒከን ካሜራ አካል ላይ የተሠራና 1.3 ሜጋ ፒክስል ብቻ ያለው ነበር። ዋጋው ግን ከ20,000 ዶላር የማያንስ ስለነበረ የሚገዙት የዜና ድርጅቶች ነበሩ። ተራው ሰው ሊደፍረው የቻለው ካኖን በእ.ኤ.አ. 2003 ሞዴል 300ዲን ከ1,000 ዶላር በታች ካወጣ በኋላ ነው።

ዛሬ ደግሞ ነገሩ ሌላ መልክ ይዟል። ካኖንና ኒከን የመጨረሻዎቹን ታላላቅ ባለመስተዋት ካሜራዎቻቸውን ያወጡት በእ.ኤ.አ. 2020 ሲሆን፣ ከዚያ ወዲህ ትኩረታቸውን መስተዋት አልባ ወደሆኑት ካሜራዎች አዙረዋል። ባለገንዘቦቹ ወደ አዲሱ ዓይነት ሲሻገሩ አሮጌዎቹን በርካሽ ይሸጣሉ። «ጊዜው ያለፈበት» እየተባለ የሚናቀው ይህ ዕቃ ግን ብርሃን የመቆጠር ችሎታው አላለፈበትም። ሲሊከን በ2013 እንደነበረው ሁሉ ዛሬም ያው ሲሊከን ነው። ለእኛ አገር ተማሪ ይህ እንደ ጥሩ አጋጣሚ የሚቆጠር ነው።

ብርሃንን መቁጠር

አልበርት አይንስታይን በ1905 እንዳስረዳውና ለኖቤል ሽልማት እንዳበቃው፣ ብርሃን ከቁስ ጋር ሲገናኝ ጉልበቱን የሚሰጠው ፎቶን በምንላቸው ቅንጣቶች ነው። አረንጓዴ ብርሃን እያንዳንዱ ፎቶን ወደ 2.25 ኤሌክትሮን ቮልት ጉልበት ይይዛል፤ በሲሊከን ውስጥ አንድን ኤሌክትሮን ነጻ ለማውጣት የሚያስፈልገው 1.1 ያህል ነው። እንግዲህ በሴንሰሩ ላይ የተደረደሩት ፒክስሎች ዝናብ እንደሚያጠራቅሙ ጥቃቅን ጣሳዎች ሆነው እነዚህን ኤሌክትሮኖች ያጠራቅማሉ፤ ካሜራው ደግሞ የእያንዳንዱን ጣሳ መጠን ይለካል።

የፎቶን መውረድ እንደ ዝናብ ጠብታ በዘፈቀደ በመሆኑ ቆጠራው ሁልጊዜ ይዋዥቃል። የመዋዠቁ መጠን የቆጠራው ስኩዌር ሩት ነው። አንድ ፒክስል 10,000 ፎቶን ቢቆጥር መዋዠቁ 100፣ ማለትም 1 በመቶ ነው፤ ዓይን አይለየውም። 100 ፎቶን ብቻ ቢቆጥር ግን መዋዠቁ 10 ይሆንና 10 በመቶ ይደርሳል፤ በጨለማ የተነሳ ፎቶግራፍ ላይ እንደ አሸዋ ተበትኖ የምናየው ነጠብጣብ ይኸው ነው። ብዙዎች አይ.ኤስ.ኦ. የሚባለውን ቁጥር ከፍ ሲያደርጉ ካሜራው ብርሃን የጨመረ ይመስላቸዋል። አልጨመረም። የድምፅ ማጉያ የዘፋኙን ድምፅ ሲያጎላ ሽሽታውንም አብሮ እንደሚያጎላው፣ አይ.ኤስ.ኦ. ም የተቆጠረውን ከነመዋዠቁ ያጎላል እንጂ ያልመጣ ፎቶን አይፈጥርም።

ሜጋ ፒክስል የጣሳዎቹን ብዛት ይነግረናል፤ ምን ያህል እንደሞሉ አይነግረንም። ከስቱዲዮ የሚወጣው የተለመደው 10 በ15 ሳንቲ ሜትር ፎቶግራፍ ጥሩ ሆኖ ለመታተም ወደ 2.2 ሜጋ ፒክስል ይበቃዋል፤ የኤ4 ወረቀትን ሙሉ የሚሸፍን ምስል እንኳ ከ9 አይበልጥም። ከ12 ወደ 24 ሜጋ ፒክስል ስንሄድ የምስሉ ስፋት በአንድ አቅጣጫ የሚጨምረው በ1.4 እጥፍ ብቻ ነው። ስለዚህ 12 ወይም 16 ሜጋ ፒክስል ያለው አሮጌ ካሜራ ለሠርግ አልበም ከበቂ በላይ ነው፤ ለዚህ ቁጥር ተጨማሪ ገንዘብ የሚከፍል ሰው ሻጩን እንጂ ራሱን አልጠቀመም።

የእጅ ስልክስ? የሚል ይኖራል፤ ተገቢ ጥያቄም ነው። በመካከለኛ ዋጋ የሚሸጥ ስልክ ሴንሰሩ በአብዛኛው ከ25 ካሬ ሚሊ ሜትር ብዙም የማይርቅ ሲሆን፣ የኒከን ጀማሪ ካሜራ ሴንሰር 23.5 በ15.6፣ ማለትም 367 ካሬ ሚሊ ሜትር ያህል ነው፤ የካኖኑ በጥቂቱ ያንሳል። ስልኩ በርካታ ምስሎችን በተከታታይ አንስቶ በስሌት በማዋሃድ ጉድለቱን ያካክሳል፤ ለቆመ ነገርና ለቀን ብርሃን ያስመሰግናል። የምትፈልጉት የጓደኛ ፎቶና የማስታወሻ ምስል ከሆነ እኛ ካሜራ ግዙ አንልም። ስልኩ የሚረታው ጨለማና ፍጥነት አንድ ላይ ሲመጡ ነው።

የቡሄ ምሽት ፈተና

ይህን በአካባቢያችን ምሳሌ እንፈትነው። ነሐሴ 12 ምሽት፣ በደብረ ታቦር በዓል ዋዜማ፣ ልጆች በተለኮሰ ችቦ ዙሪያ ሲጨፍሩ ፎቶ ማንሳት ፈለግን እንበል። ከካሜራው ጋር አብሮ የሚሸጠው ከ18 እስከ 55 ሚ.ሜ. የሚረዝም ሌንስ፣ በረጅሙ ጫፍ ላይ የሚከፍተው ቀዳዳ ኤፍ 5.6 ነው። ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል። ከ50 ሚ.ሜ. ኤፍ 1.8 ሌንስ ጋር ስናወዳድረው፣ 5.6ን ለ1.8 አካፍለን ውጤቱን በራሱ ስናባዛ 9.7 እናገኛለን። ይኸውም ይህች ትንሽ ሌንስ ወደ 10 እጥፍ የሚጠጋ ብርሃን ታስገባለች ማለት ነው።

አሥር እጥፍ በተግባር ምን እንደሆነ እንይ። በችቦው ብርሃን፣ አይ.ኤስ.ኦ. 1600 ላይ፣ በኤፍ 1.8 ሹተሩ ለ60ኛ ሰከንድ ቢከፈት ይበቃል እንበል። በኤፍ 5.6 ያንኑ ብርሃን ለማግኘት 6ኛ ሰከንድ መጠበቅ ይኖርብናል። በ6ኛ ሰከንድ ውስጥ የሚጨፍር ልጅ እጁ ከአንድ ቦታ ወደ ሌላ ይደርሳል፤ የእኛም እጅ ይንቀጠቀጣል። ልዩነቱ ፊት ባለው ፎቶና ጥላ በሆነ ፎቶ መካከል ያለ ልዩነት ነው። ይህን ልዩነት በካሜራው አካል ለመግዛት የሚፈልግ ሰው እጅግ ውድ የሆነ አካል መግዛት ይኖርበታል፤ 50 ሚ.ሜ. ኤፍ 1.8 ግን ከሁለቱም ኩባንያዎች ሌንሶች መካከል ከርካሾቹ የምትመደብ ናት።

በጥንታዊ አብያተ ክርስቲያናት ውስጥም ነገሩ ያው ነው። ለድጓ ትምህርት በታወቀችው በጋይንት ቤተልሔም ወይም በመሰል ደብሮች ውስጥ ሥዕል ለማንሳት የሚፈቀድለት ሰው ብልጭታ መጠቀም አይገባውም። በብዙ ቦታ የተከለከለ ከመሆኑም በላይ ውጤቱ መጥፎ ነው፤ በጀማሪ ካሜራ ላይ ያለው ትንሽ ብልጭታ በኤፍ 5.6 እና በአይ.ኤስ.ኦ. 100 ከ2 ሜትር ብዙም አያልፍም፤ ሥዕሉንም በነጭ ነጸብራቅ ይሸፍነዋል። እዚህ የሚያስፈልገው ሰፊ ቀዳዳ፣ ባለ ሦስት እግር መቆሚያና ትዕግሥት ነው። ሥዕል አይንቀሳቀስምና በመቆሚያ ላይ ሆኖ ሁለት ሰከንድ መክፈትም ይቻላል። የደብሩን አለቃ ፈቃድ መጠየቅ ከሁሉም ይቀድማል።

አንድ ነገር ግን እንዳይዘነጋ። የጀማሪ ካሜራ ሴንሰር ከቀድሞው የፊልም ስፋት ያነሰ ስለሆነ 50 ሚ.ሜ. ሌንስ በኒከን ላይ እንደ 75፣ በካኖን ላይ እንደ 80 ሚ.ሜ. ሆና ታቀርባለች። ለአንድ ሰው ፊት ግሩም ናት፤ ጠባብ ክፍል ውስጥ የተደረደሩ ሚዜዎችን ግን አትይዝም። ለዚያ ከካሜራው ጋር የመጣው ሌንስ ይበቃል። በመሆኑም ሁለቱን ሌንሶች አንድ ላይ መያዝ እንጂ አንዱን በሌላው መተካት አንመክርም።

በዚህ ረገድ ብዙዎች የሚወድቁበት ወጥመድ አለ። ኒከን ዲ3300ና ዲ5300ን በመሳሰሉ ጀማሪ ሞዴሎቹ ውስጥ ሌንሱን የሚያሽከረክር ሞተር አላስቀመጠም። በስሙ መጨረሻ «ዲ» የሚል ፊደል የተጻፈበት አሮጌ ርካሽ 50 ሚ.ሜ. ሌንስ በእነዚህ ካሜራዎች ላይ ይገጥማል፤ ነገር ግን በራሱ አያተኩርም፤ በእጅ ማዞር ግድ ይላል። ለእነርሱ የሚሆነው «ኤኤፍ-ኤስ» የሚል ጽሑፍ ያለበት ነው። ዲ90ና ዲ7000 የመሳሰሉት ግን ሞተሩ በአካላቸው ውስጥ ስላለ ሁለቱንም ይቀበላሉ። በካኖን በኩል ችግሩ የለም፤ ከ1987 ጀምሮ በወጣው የኩባንያው ሥርዓት ሞተሩ በራሱ በሌንሱ ውስጥ ነው። ለሥራ የሚሆን ሌንስ በየአገልግሎት ገበያው ማግኘት በሚያስቸግርበት አካባቢ፣ ይህች ልዩነት የትኛውን ኩባንያ እንደምትመርጡ ልትወስን ትችላለች።

የመርቆሬዎስ ፈረሶች

ጥር 25 ቀን በቅዱስ መርቆሬዎስ በዓል በደብረ ታቦር የሚካሄደውን የፈረስ ጉግስ ማንሳት የማይመኝ ወጣት የለም። ረጅም ሌንስ መግዛት እንዳለበትም ያስባል። አስቀድሞ ግን ጥቂት ስሌት ይሥራ። የሚጋልብ ፈረስ በሰከንድ 12 ሜትር ያህል ይሄዳል እንበል። በ60ኛ ሰከንድ 20 ሳንቲ ሜትር ይጓዛል፤ በ1,000ኛ ሰከንድ ደግሞ 1.2 ሳንቲ ሜትር። ፈረሱ ከእኛ በ20 ሜትር ርቀት ከግራ ወደ ቀኝ ሲያልፍ በ200 ሚ.ሜ. ሌንስ ብናነሳው፣ በሴንሰሩ ላይ የሚታየው መጠን የእውነተኛው መቶኛ ነው። በ60ኛ ሰከንድ የተነሳው ምስል በሴንሰሩ ላይ 2 ሚ.ሜ. ይጎተታል፤ ወደ 10 በ15 ፎቶግራፍ ሲጎላ ከ1 ሳንቲ ሜትር በላይ ይሆናል። ይህ ፈረስ አይደለም፤ ጭስ ነው። በ1,000ኛ ሰከንድ ግን በወረቀቱ ላይ ከ1 ሚ.ሜ. በታች ይወርዳል፤ ካሜራውን ከፈረሱ ጋር እኩል እያዞሩ ቢያነሱ ደግሞ ያም ይጠፋል።

በአጭሩ 55 ሚ.ሜ. ብናነሳው መጎተቱ በወረቀት ላይ 0.2 ሚ.ሜ. ገደማ ብቻ ነው፤ ዓይን ሊለየው ይቸግራል። ፈረሱ ግን ከምስሉ ወርድ ሲሶውን እንኳ አይሞላም። መፍትሔው ወደ ሜዳው ዳር መቅረብና፣ ፈረሱ በቀጥታ ወደ እኛ ወይም አግድም ወደ እኛ በሚመጣበት ማዕዘን መቆም ነው። በጥር ቀትር ብርሃን ሞልቶ ተርፎ ስላለ በኤፍ 5.6ም ቢሆን 1,000ኛ ሰከንድ በቀላሉ ይገኛል። ስለሆነም ረጅሙ ሌንስ ይቆይ፤ ካሜራው ራሱ በሠራው ገንዘብ ይገዛል።

ነጭ ነጠላ በቀትር ፀሐይ

ደብረ ታቦር ወደ 2,700 ሜትር ከፍታ ላይ የምትገኝ ሲሆን፣ የጉና ጫፍ ደግሞ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው። እዚያ ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለሉ 60 በመቶ ገደማ ነው። ከላያችን ያለው አየር ሲሳሳ ብርሃን የሚበተነው በጥቂቱ ነውና ሰማዩ ይጠቁራል፣ ጥላውም ይከብዳል። በዚህ ብርሃን ነጭ ነጠላ የለበሱ ምእመናንን ማንሳት ለማንኛውም ካሜራ ፈተና ነው። የካሜራው ብርሃን መለኪያ የሚያየው ሁሉ በአማካይ ግራጫ ነው ብሎ ስለሚገምት፣ ነጩን በዝቶ ሲያገኝ ብርሃኑን ይቀንሳል፤ ፊቶች ይጠቁራሉ። ይህን ለማስተካከል ብርሃኑን በእጅ መጨመር ይቻላል፤ በጣም ከጨመርን ግን የነጠላው ጥበብ ጠፍቶ ነጭ ወረቀት ይመስላል።

እዚህ ላይ ከአሮጌዎቹም መካከል የማይለይ የባለመስተዋት ካሜራ ጥቅም አለ፤ ምስሉን ሮው በተባለው ያልተነካ መልክ ማስቀመጥ። ጄፔግ ለእያንዳንዱ ቀለም 256 የብርሃን ደረጃ ብቻ ሲይዝ፣ 12 ቢት ሮው 4,096፣ 14 ቢቱ ደግሞ 16,384 ይይዛል። ነጠላው እንዳይቃጠል ጠንቅቀን ካነሳን የጠቆረውን ፊት በኋላ በኮምፒውተር ማውጣት ይቻላል። ሻጮች «ለደጋ ፀሐይ» እያሉ የሚያስገዙት የዩ.ቪ. ማጣሪያ መስታወት ግን ለዚህ አይረዳም፤ ከሴንሰሩ ፊት ያለው ማጣሪያ አብዛኛውን የማይታይ ብርሃን ቀድሞ ይከለክላልና። ርካሹ መስታወት ነጸብራቅ ይጨምር እንደሆነ እንጂ። በዚያ ገንዘብ የሌንስ ጥላ ይገዛ።

ያገለገለ ካሜራ ሲመረመር

ከአዲስ አበባም ሆነ ከባሕር ዳር፣ በቴሌግራም ገበያም ሆነ ከውጭ በሚመጣ ዘመድ በኩል፣ አብዛኞቻችሁ የምታገኙት ያገለገለ ዕቃ ነው። ሳያዩ ገንዘብ መላክ አይገባም። ሲያዩም ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ይወሰድ፤ የማይፈቅድ ሻጭ መልሱን ሰጥቷል ማለት ነው።

የጀማሪ ካሜራዎች ሹተር በአብዛኛው ወደ 100,000 ጊዜ እንዲከፈትና እንዲዘጋ ታስቦ የተሠራ ነው። ኒከን ስንት ጊዜ እንደተከፈተ በእያንዳንዱ የምስል ፋይል ውስጥ ስለሚመዘግበው በኮምፒውተር ማንበብ ይቻላል። ካኖን በአብዛኛው አይመዘግበውም፤ በገመድ አገናኝቶ ልዩ ፕሮግራም መጠቀም ያስፈልጋል፤ ያም በሁሉም ሞዴል አይሠራም። የሠርግ ስቱዲዮ የተገለገለበት ካሜራ ቁጥሩ ከፍ ማለቱ አይቀርም። ቀጥሎ ኤፍ 16 ላይ አድርጋችሁ ጥርት ያለ ሰማይ አንሱ፤ በሴንሰሩ ላይ ያለ አቧራ ጥቁር ነጥብ ሆኖ ይወጣል። አቧራ ይጸዳል፤ ጭረት አይጸዳም። ሌንሱን ክዳኑን እንደከደናችሁ 10 ሰከንድ አንሱ፤ በጥቁሩ ላይ ደማቅ ነጥቦች ቢበዙ ሴንሰሩ ደክሟል። ከዚያም ሌንሱን አውልቃችሁ በባትሪ ከኋላ አብርታችሁ ተመልከቱ፤ እንደ ሸረሪት ድር ያለ ክር ካያችሁ ሻጋታ ነው፤ መስታወቱን ይበላል፤ ምንም ያህል ቢረክስ አትግዙት። የማስታወሻ ካርዱንም እስከ መጨረሻው በምስል ሞልታችሁ መልሳችሁ ክፈቱት፤ 64 ጊጋ ባይት ተብሎ የተጻፈበት ሐሰተኛ ካርድ ገበያ ላይ ሞልቷል፤ የሙሽሮች ፎቶ ጠፍቶ ከመገኘት ያን ቀን ማወቅ ይሻላል።

ገንዘቡን ስንከፋፍል፣ ከጠቅላላው ግማሽ ያህሉን ከነመጀመሪያ ሌንሱ ለሚገኝ ያገለገለ አካል፣ ሩቡን ለ50 ሚ.ሜ. ኤፍ 1.8፣ ቀሪውን ለተጨማሪ ባትሪ፣ ለካርድ፣ ለመቆሚያና ለቦርሳ እንመድባለን። ገንዘቡ ካልበቃ የሚቀነሰው ከአካሉ እንጂ ከሌንሱ አይደለም። ሦስት አራት ሆናችሁ የአንድ ኩባንያ ካሜራ ብትመርጡ ሌንስ መዋዋስ ትችላላችሁ፤ በእቁብም በየተራ አንድ አንድ ሌንስ መጨመር ይቻላል።

ብርድና እርጥበት

በጉና ብርድ የሊቲየም ባትሪ ውስጣዊ ኬሚካዊ ሂደት ስለሚዘገይ ባትሪው ሳይደርስ ያለቀ ይመስላል። ተጨማሪውን በኪስ፣ በሰውነት ሙቀት ማቆየት ነው፤ የቀዘቀዘውም ሲሞቅ የተወሰነ ጉልበት ይመልሳል። መብራት በሚቆራረጥበት ቀበሌ ለሚውል ሰው ባለመስተዋቱ ካሜራ እዚህም ይጠቅማል፤ በዓይን የሚታየው በቀጥታ ብርሃን እንጂ በስክሪን ስላልሆነ ባትሪ አይበላም። ለዲ3300 ኩባንያው የሰጠው ግምት በአንድ ሙሌት 700 ምስል ነው።

ቀዝቃዛ ካሜራ በድንገት ሞቃትና እርጥብ አየር ሲያገኝ ሌንሱ ላይ ጤዛ ይቋጠራል፤ ከጉና ወርዶ ወደ ወንዛዬ ፍል ውሃ የሄደ ሰው ካሜራውን እንደወጣ ቢከፍት በመስታወቱ ላይም በውስጡም ውሃ ያገኛል። ዘዴው ቀላል ነው። በብርዱ ቦታ ሳሉ ካሜራውን በፕላስቲክ ከረጢት አጥብቆ ማሰር፣ ከደረሱ በኋላም ሙቀቱ እስኪስተካከል ግማሽ ሰዓት ያህል ሳይከፍቱ ማቆየት። ጤዛው በከረጢቱ ላይ ይቋጠራል።

በክረምት ወራት ደግሞ ካሜራውን በቆዳ ወይም በጨርቅ ቦርሳው ውስጥ ለሳምንታት ዘግቶ ማስቀመጥ ሻጋታ መጋበዝ ነው። በደንብ የሚገጥም ክዳን ባለው ፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ፣ በአዳዲስ ጫማና ኤሌክትሮኒክስ ካርቶን ውስጥ ከሚገኙት የሲሊካ ጄል ከረጢቶች የተወሰኑ ጨምሮ ማስቀመጥ ይበቃል። ፍሬዎቹ እርጥበት ጠጥተው ሲጠግቡ ሥራቸውን ያቆማሉ፤ ከከረጢታቸው አውጥቶ ምግብ በማይሠራበት አሮጌ ድስት፣ በለስላሳ እሳት ካደረቋቸው በኋላ እንደገና ያገለግላሉ።